ውሃው የመረጣቸው

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በቧንቧ ውሃ ሰፈር፣
ሬዲዮ ከምጠግንበት ከጠረጴዛዬ ዳር፣
መቶ ሃያ ሊትር፣ የመስታወት አገር፤
ጉፒ ከሞሊ ጋር፣ ኒዮን ከባርብ ጋር
ሳይገፋፉ ኖሩ። ጎረቤቴ ይመር
ሲያልፍ ጎራ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣
«ወሎ ማለት ይኼ!» ይለኛል በኩራት፣ መስታወቱን በጣቱ መትቶ።
የዓሣ ቤት አይመታም፣ ስንት ጊዜ ነገርኩት፤
ምን ላድርገው? ጨዋ ነው፣ ሳያንኳኳ አያይም የሰው ቤት።

ያልነገርኩት ነበር።
ኒዮኖቼ ያልቃሉ፣ በየወሩ ሁለት፣ በየወሩ ሦስት፤
ቀይ መስመራቸው ይነጣል፣ ፀሐይ እንደበላው የመጋረጃ ጥለት።
በክብሪት ቀፎ ከትቼ፣ ሰው ሳያይ ከጓሮ ቀብሬ፣
አዲስ አበባ ደውዬ ቁጥሩን እሞላለሁ፣ ገንዘብ ተበድሬ።
ሰላም ነው የሚሉት ቤት
ለካ እንዲህም ይሞላል፣ በምሥጢር ምትክ፣ በሌሊት።

ጦይባ ነች የደረሰችበት። የሻይ ማንቆርቆሪያ ገልብጣ
በማንኪያ ስትፍቀው ነጭ ቅርፊት ወጣ።
«ድንጋይ ነው የምታጠጣቸው፣ አየኸው?» አለችኝ።
ዓሣ ሻጩም በስልክ ያንኑ ደገመልኝ፦
«ኒዮን የዝናብ ጫካ ልጅ ነው፣ ለስላሳ ውሃ የለመደ፤
አንተ ሲክሊድ ውሰድ፦ ደረቅ ውሃ የወደደ፣
ድንጋይ የወደደ፣
ድንበር የወደደ፣ ጠብ የወደደ።»

ጉፒና ሞሊውን፣ ባርቡንም፣ ይመር በቢጫ ጀሪካን ወሰደ።
አራት ኒዮን ቀሩ። ለሻጩ ላኩለት፣ መኪናው ማልዶ ሲሄድ።
«ጠበል ነው?» አለ ሹፌሩ፣ ፌስታሉን ወደ መብራት አስጠግቶ፤
«ነፍስ አለበት» አልኩት። በጋቢው ጠቀለለው፣ ቀስ አድርጎ፣ ፈርቶ።

ቦርከና ወረድኩ። ጥቁር ድንጋይ ለቅሜ፣ በጆንያ ተሸክሜ፣
ጀርሙ ይሙት ብዬ፣ ትልቁን ድስት ጥጄ፣ አጠገቡ ቆሜ።
ጦይባ ሳቀችብኝ፤ ልጄ ሐያትም ሳቀች።
አማቴ ዘምዘም ግን፣ ከበሩ ላይ ቆማ፣ ድስቱን ድስቱን አየች።
«በስልሳ ስድስት እኛም ቀቅለናል» አለች ቀስ ብላ፤
«ልጆቹ እስኪተኙ።»
ሌላ አልተናገረች፣ ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ።

ሲክሊዶቹ መጡ፣ በከሚሴ ሙቀት፣ በሐረጎ ዳገት፣
ቢጫና ሰማያዊ፣ ስምንት። በመጀመሪያው ሌሊት
አንዱ ዋሻ ያዘ፣ አንዱ ጥግ፤ አንዱ የማንም ያልሆነች ጠጠር
አፉን ከፍቶ ጠበቀ፣ እስኪነጋ ድረስ፣ እንደ ርስት ድንበር።
«ወሎ የት ሄደች?» አለኝ በማግስቱ ይመር።
መልስ አልነበረኝም። ግን አንድም አልሞተብኝ፣ በዚያ ወር።

ቢጫዋ መብል ተወች። ጉንጯ አበጠ፣ አገጯ ወረደ፤
ታመመች ብዬ የክብሪት ቀፎ ባዶ አደረግሁ፣ እጄ እንደለመደ።
አማቴ አየቻት፤ «ተዋት» አለችኝ፣ «አልታመመችም፤
ልጆቿን ነው የጎረሰች። ልጅ የጎረሰች እናት ሌላ አትጎርስም።»
ይመር የሐይቅ ልጅ ነው፤ «እውነቷን ነው፣ የኛም ቆሮሶ
እንዲህ ነው የሚያሳድግ፣ በአፉ ጎርሶ፤
ዘመዳሞች ናቸው» አለ።
በባሕር ማዶ ዋጋ የገዛሁት የሐይቅ ዘመድ ኖሯል!

ሃያ ቀን ቆጠረች አማቴ፣ በሙስበሃዋ።
በሃያ አንደኛው ጧት፣ ከዚያ ከከሳው ከንፈር
ወጡ፤ አሥራ አራት፣ ከስንዴ የማይበልጥ፣ ዐይን ብቻ የሆነ ፍጡር።
ይመር ሊያይ መጣ። እንደ ልማዱ፣ ጎንበስ ብሎ አንኳኳ።
አንድ አልቀረም፤ ተመልሰው ገቡ በአፏ።
አማቴ እጇን አነሣች፣ የራሷን አፍ ያዘች፤
ብዙ ቆየች፣ አላወረደችም።

ይመር ዛሬም ይመጣል፣ «ወሎ ማለት» ማለቱን ትቶ፤
ከበሩ ላይ ይስላል፣ ያያል፣
ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።