ደም መላሽ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሳስካቱን ተኝታ፣
ስስ አርጌ ብቀባ የኬሌቺን ጠብታ፣
ማይክሮስኮፑ ሥር ማጭድ ታየኝ፣ ማጭድ፤
ስንዴው ከታጨደ ወር አልፎት ምን ሊያጭድ?

ፊቱን አላውቀውም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣
ሄሞግሎቢን ስድስት፣ ወረቀቱ ያለው።
አጥንቱን ሲቆረጥመው እንዴት እንዳደረ
አንድም ቁጥር የለ ለእኔ የነገረ።

ቆይ፤
እነዚያ ክብ ክቦቹ፣ ከማጭድ መሃል ያሉት፣
ባለፈው ሳምንት ነው በከረጢት የገቡት።
የማን ይሆን? የአውቶቡስ ነጂ? የመምህርት?
ምናልባት የእኔም፤
ባለፈው ወር ሰጥቻለሁ፣ በምሳ ሰዓት።

«ደም መላሽ» ሲባል፣ አባቴ ሰፈር፣
ጠመንጃ ወልውሎ አድብቶ የሚያድር።
እዚህ ከረጢት ነው፤ ተሰቅሎ በብረት
ጠብ፣ ጠብ ይመልሳል፣
ገዳይ ሳይፈልግ፣ ለማላውቀው ጉልበት።