አትጎትት

አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ኦስትራቫ መሐል፣
ውጭው በረዶ ነው፣ ውስጡ ቆላ ሆኗል።
አራት ሜትር ተኩል፣ ቶንካ ተጠቅልላ፣
እንደ መርከብ ገመድ ጥግ ላይ ተቆልላ።

አክስቴ ቭላስታ፣ ሠላሳ ዓመት ነድታ
ትራሟን ያስረከበች አንድ ሰው ሳትመታ፣
ደንቡን ታስጠናኛለች ፌርማታ በፌርማታ፦

«ብቻህን አትክፈት። ሁለት ሰው ይኑር፣
አንዱ ከጭንቅላት፣ አንዱ ከጭራ ዳር።
መጀመሪያ ጀርባዋን በዘንጉ ንካት፣
ይህ በእሷ ቋንቋ ነው ‹ምሳ አይደለም› ማለት።
አንገትህ ላይ አትጠምጥም፤ ሻርፕ አይደለችም፣
ለአንድ ፎቶ ተብሎ ነፍስ አይከፈልም።
ጥንቸል የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣
ሽታ ነው ፊደሏ፣ በዚያ ነው የምታነብ።»

እኔ፣ ራዲም፣ በያጅ፣ ብረት የሚፈራኝ፣
ይህ ሁሉ የአሮጊት ጭንቀት መሰለኝ።

እሑድ ዕለት፣ እሷ ዳቦ ልትገዛ ወርዳ፣
ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ሄዳ፣
ከፈትኩ። ዘንጉን ረሳሁ። ባዶ እጄን ሰደድኩ፤
ጠዋት በዚያው እጄ ከፍሪጅ ጥንቸል እንዳወረድኩ
አላስታወስኩም።

መብረቅስ ይጮኻል ደመናውን ቀዶ፣
እሷ ግን ድምፅ የላት፤ ክንዴ ብቻ ከብዶ፣
ወደ ውስጥ የዞረ መቶ መርፌ ጥርስ
ሥጋዬን ጨበጠ፤ ወዲያው ገላዋ ሲደርስ
አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ እስከ ብብቴ ድረስ።
ጎትት አለኝ ደሜ፣ ጎትት አለኝ ክንዴ፤
ቆዳዬ ተሰነጠቀ ስጎትታት አንዴ።

ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ዳቦዋን ጣለችና፣
ፊቷ የሾፌር ፊት፣ ፍሬን ላይ የጸና፣
«አትጎትት» አለች። «ጥርሷ ወደ ውስጥ ነው፤
በጎተትክ ቁጥር ነው እሷ የምታጠብቀው።»
ከጭራዋ ይዛ፣ ከደካማው ጫፍ፣
ዙር በዙር ፈታቻት እንደ ሹራብ ጥልፍ።
አልኮል በጥጥ ነክራ ከአፍንጫዋ ሥር
ጠበቀች። ጠበቅን። ሰዓቱ ግን አይቆጥር።

ፎቶው ላይ ኦታካር፣ ልጇ፣ ይስቅ ነበር፤
ቶንካን በጫማ ካርቶን ይዟት የመጣው፣
ክንድ ሳትሞላ ገና። እሱን የዋጠው
እሷ አይደለችም፣ የከሰል ጉድጓድ ነው።

ያኔ አፏን ከፈተች፣ በገዛ ፈቃዷ፣
እንደ ሰለቸ እንግዳ ሄደች በመንገዷ።

«መርዝስ የለባትም፣ ቆሻሻው ነው ጠላት፣
ተሰብሮ የቀረ ጥርስ ካለ ሐኪም ያውጣት።»
አሥር ደቂቃ አጠበች፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫነች፤
ደሙ እስኪቆም ድረስ እጇን አላነሣች።
ለቴታነስ መርፌም ክሊኒክ ወሰደችኝ፣
በትራም፤ ሾፌሩን «ቀስ!» እያለችልኝ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤
እኔ የፈራሁት እጄን ነው፤ ይቸኩላል።
አሁን ረቡዕ ረቡዕ ሁለት ሆነን ስንከፍት
እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ዘንጉ ነው ከፊት።
ክንዴ ላይ ግማሽ ክብ፣ ነጭ ነጥብ በነጥብ።

ቭላስታ አልፎ አልፎ ፎቶውን ታያለች፤
«ጎረቤቱ ሁሉ ‹ስጫት› ይላል» ትላለች፣
ቶንካን በጭኗ ላይ ቀስ ብላ ታሳልፋለች፣
ሳትይዝ፣
ሳትለቅ።