ግንፍሌ ድልድይ ሥር

ትርሲት የቱቦውን፣ እኔ የወንዙን ጎርፍ፣
አምስት ኪሎ ቁጭ ብለን፣ ሐምሌ ጣራውን ሲገርፍ፣
ኮምፒውተር ላይ እናፈሳለን።

የሷ ውሃ ችኩል ነው፤
የኔ አንድ እስኪራመድ መቶ ይራመዳል፤
ግንፍሌ ድልድይ ሥር ሲገናኙ
«ከፍታህ ስንት ደረሰ?» ይላል፤
ወንዜ ገና እግሩን አንስቷል።
ያለፈውን ቁጥሬን ይዛ፣ መጪውን ገምታ፣
መሃሉን በመስመር ትሞላለች።

ሌሊት ሒሳቡ ሲታይ አርባ ጣሳ ውሃ የለም።
ቱቦው «ሰጥቻለሁ»፣ ወንዙ «አልደረሰኝም»።

«የመጨረሻውን ብቻ ነው ለካ የምሰማሽ፤
መቶውንም ደምረሽ ስጪኝ።»
ደመረች። ልክ መጣ።

ሲያባራ ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ
እንደ ልማዷ ቀድማኝ፣ መብራቱ ጋ ጠበቀችኝ።
ሳምንቱን ሙሉ ስለ እናቷ ሕመም ከነገረችኝ
መጨረሻውን ብቻ ነበር የያዝኩት።

«እስቲ ከመጀመሪያው» አልኳት።