ጋሪው ተይዟል

ኪህኑ ደሴት ላይ በረዶው ተሰብሮ፣
ባሕሩ መናገር ጀመረ ዘንድሮ፤
ቀደም ብሎ።

ሌይዳ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ባለሸንተረር ቀይ ጉርዷን ሸብ አርጋ ከወገቧ፣
የጎተራውን በር ገፋችው በትከሻዋ።

ባትሪውን ከምድጃ ጥግ ተሸክማ አመጣች፤
ብርዱን ሙሉ እንደ እንቁላል አቅፋው ነው የከረመች።
ያረጀ ቤንዚን ደፋች፣ ሽታው የኮመጠጠ፣
ካንዴላውን ፈታች፣ ጥላሸት የዋጠ፤
በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈገፈገችው፣
በትንፋሿ አሙቃ መልሳ አሰረችው።
ካቴናው ዝጓል። ዘይት።
ጎማው ተኝቷል። መንፊያ።
ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት…
ቆም አለች፣ ወገቧን ይዛ።

ኤልማር ጎረቤቷ ካጥሩ ተደግፎ
«ላግዝሽ ወይ?» አላት።
«ድንች ልትተክል ነው፣ ሚስትህን አግዛት!»

ከዚያ የጎን ጋሪውን ሽፋን ገለጠች።
ባሏ ትቶት በሄደው የሱፍ ጓንት ውስጥ
አምስት የአይጥ ግልገሎች፣
ቀያይ፣ ዓይናቸው ያልበራ፣
ጓንቱ ራሱ ጣት ያበቀለ ይመስል
ይንቀሳቀሳሉ።

መጥረጊያ አነሳች።
መጥረጊያውን አስቀመጠች።
ሽፋኑን ቀስ አርጋ መለሰች።

አንዴ ረገጠች፤ ዝም።
ሁለቴ፤ ዝም።
በሦስተኛው አስነጠሰ፤
«ይማርህ» አለችው።
በአራተኛው ጎተራው በጭስ ታፈነ፣
ዶሮው ሁሉ በረረ፣ ተበተነ።

ጉድጓድ ጉድጓዱን እየሸሸች ወደቡ ደረሰች።
ከመጀመሪያዋ ጀልባ ሬይን ወረደ፣ ልጇ፣
አምና «ሽጪው፣ አርጅተሻል» ያላት፣
ሻንጣውን አንጠልጥሎ፤
ጋሪው ውስጥ ሊገባ እግሩን ሲያነሳ
«ከኋላ ውጣ» አለችው፣ «ጋሪው ተይዟል።»

«በማን?»

ፍሪሲዮኑን ለቀቀች።