አንድ ጆሮ

ሻርጃ፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ገደማ፣
የድርጅቱ አውቶቡስ ሲያቃስት ይሰማል፤
ውጪው እንደ ፍልውሃ በእንፋሎት ታፍኖ
መስታወቱ አልቦት ጉም መስሎ ይታያል።
አርባ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ዓይነት ሸሚዝ፣
ገሚሱ አንቀላፊ፣ ገሚሱ ፈዛዝ።

ናካቶ ከጎኔ፣ የካምፓላዋ ልጅ፣
ባቄላ የምታህል ነገር ይዛ በእጅ
«እንኪ፣ አንድ ጆሮ» አለች።
አንዱን እሷ ሰካች።
«ሙሉ አልበም ነው፤ ትናንት የወጣ፤
ጀበል አሊ ድረስ ይበቃናል» አለች
በዚያ በምንግባባበት ቋንቋ፣
ግማሹ አረብኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ትከሻ።

እኔ የማውቀው ራፕ
የድሮዋ ማዳሜ ልጅ በሩን ዘግቶ
ግድግዳ ሲነዝር፣ ሳህን ሲያንጫርር፣
የተቆጣ ነገር፣
ጠብ ያለሽ በዳቦ።
ይሄኛው ግን ሲናገር ሲናገር ይቆይና
መሃል ላይ ያዜማል፣
የሚያወራ ሰው ድንገት ሳግ እንደሚይዘው
ቃሉን ይጎትታል፤
ከበሮው ከስሩ፣ እንደ ሊፍት በር፣
ይከፈታል፣ ይዘጋል፣
ይከፈታል፣ ይዘጋል።

አንድም ቃል አልገባኝ።
ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። የት ነበር? የት ነበር?

መርሳ! እትዬ ዘርፌ፣ ሙሾ አውራጇ፣
መቀነቷን አጥብቃ፣ ከፍ ብሎ እጇ፣
የሟቹን በሬ፣ የሟቹን ማሳ፣
ያበደረውን እንኳ ሳትረሳ
ቆጥራ፣ ቆጥራ፣ ቆጥራ
በመጨረሻ ስሙን ስትጠራ
ድንኳኑ እንደ ቅል ይሰነጠቅ ነበር።

«ምን ይላል?» አልኳት ናካቶን።
«ብር ይቆጥራል» አለች።
«ጫማው ስንት እንደሆነ፣
መኪናው ስንት በር እንዳለው፣
ሰፈሩ ማንን እንደሚፈራ።»
«ታዲያ ለምን ያለቅሳል?»
ትከሻዋን ሰበቀች።

ለካስ ፉከራ ነው!
አንገቱን ደፍቶ ዘራፍ የሚል ፎካሪ።
እኛ ሀገር ለየብቻ ነበር፤
ፎካሪው ይፎክራል፣ አልቃሹ ያለቅሳል፤
ይሄ ልጅ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ይላል።
ደሞ ምን ይገርመኛል?
በውሰት ቦርሳ፣ በሰው መኪና ተደግፌ
«ደልቶኛል» ብዬ ፎቶ የላክሁ ለታ
ቧንቧ ከፍቼ አይደል ያደርኩት ያን ማታ?

አስራ አንደኛው ዘፈን ላይ መንገዱ ተዘጋ።
እስከ ዱባይ ድረስ የመኪና ጭራ ቀልቷል።
ከበሮው ጠፋ።
ልጁ ስም ጠራ።
ዝም አለ። ሌላ ስም።
ናካቶ፣ ሳልጠይቃት፣
«የሞቱበት ናቸው» አለች።

አንሻ የሞተች ቀን ፈረቃ ነበረን።
አንድ ሰዓት አልሰጡንም።
ሬሳዋ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድ
እኔ ሰባተኛ ፎቅ መስታወት እወለውላለሁ፣
ባለፈው አውሮፕላን ሁሉ
ይቺ ትሆን፣ ወይስ ያቺ፣ እያልሁ።
በሳምንቱ አልጋዋን ሌላ ሴት ተኛችበት።
ስሟ ፍሪጅ ውስጥ ቀረ፣
በሚስማር ጫፍ የጫረችው፣ የወጥ ሳህኗ ክዳን ላይ።
ሙሾ ያወረደላት የለም። እኔም አላወረድሁም።
ሥራ ላይ ነበርኩ።

በአራተኛውና በአምስተኛው ስም መሃል
ትንሽ ቦታ ነበር፣ ትንፋሽ የምታህል።
«አንሻ» አልሁ።
ናካቶ ሰምታለች፤ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሁለት ዘፈን ሲቀር ባትሪው ጢጥ ብሎ ሞተ።
«ስንመለስ» አለች፤ ፍሬዋን በሸሚዟ ጠርጋ ከተተች።
ካቦው በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ቆጠረን፣
አርባ ሁለት፤ መጥረጊያና ባልዲ አደለን።
እስከ ምሳ ሰዓት
ግራ ጆሮዬ እንደሞቀ ዋለ።