ውሃ የሚያውቀው ቁጥር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድልድይ ጠባቂ ነበርኩ፤
ጀልባ በመጣ ቁጥር ደወሉን ደውዬ፣
መኪናውን አግጄ፣ ድልድዩን ወደ ላይ ሰቅዬ፣
የሰው ሸራ ሲያልፍ ቆሜ ስሸኝ ኖርኩ።
ዛሬ ያንን ድልድይ ካሜራ ነው የሚያየው፣
ሩቅ ከተማ ያለ ጣት ነው የሚያነሳው።
እኔም በጡረታ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣
“እስቲ ደግሞ እኔ ልነሳ” አለኝ አንጀቴ።

ሂንደሎፔን፣ ከወደቡ ጀርባ፣
ቪብረን ሱቅ ስገባ፣
ሙጫና እርጥብ ጎማ ሸተተኝ። ግድግዳው ላይ ሳንቃዎቹ፣
አጭሩም ረጅሙም፣ ሽቅብ ተቀስረው ሹል አፍንጫዎቹ።
የእህቱ ልጅ ሲፕኬ አንዷን አወረዳት፤
ቀይ ናት፣ እንደ ከረሜላ ታብረቀርቃለች፣ በአንድ እጁ አነሳት።
“ሰባ አምስት ሊትር ብቻ!
አየር ላይ ስትታጠፍ የላትም አቻ!”

ቪብረን ከመነጽሩ በላይ አየኝ፤
“ስንት ኪሎ ነሽ፣ ቺትስኬ?” ሲል ጠየቀኝ።

ሰባ ስድስት አልኩት።
ሰማንያ አራት ነኝ። ስምንቷን ኪሎ
ካፖርቴ ኪስ ከተትኳት።

ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ደመረ፦
“ለጀማሪ፣ ክብደት ላይ ሠላሳ ሊትር ጨምረን
መቶ ስድስት። የኛ በጋ ነፋስ ግን ሰነፍ ነው፤
ባንዲራውን እንኳ በልመና ነው የሚያነቃው።
ከዚህ ከፍ ያለ ብትወስጂ ይሻልሽ ነበረ።”
“ይበቃኛል” አልኩት፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

ሐይቁ ግን ኪስ አያውቅም።
የነፋሱ መለኪያ ዘጠኝ ኖት ይላል፤
የእጅ ክንፌን ይዤ ልቆም ስል
ሳንቃዬ ቀስ እያለ ይሰጥማል፤
ውሃው ቁርጭምጭሚቴን፣ ቆይቶም ባቴን ይዞ፣
እንደ ጥንቁቅ ነጋዴ መዘነው ሐሰቴን።
ሦስት ምሽት እንዲሁ፤ ተነሳሁ፣ ተንገዳገድኩ፣ ወደቅሁ፣
ዳክዬዎች ዞረውኝ ሲያልፉ አፈርኩና ሳቅሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ጸጉሬ እየተንጠባጠበ፣
“ሰማንያ አራት” አልኩት።
“አውቃለሁ” አለ፤ “የጎማ ልብስሽን
በልክሽ የሸጥኩልሽ እኔ አይደለሁ?
እኔ ብነግርሽ ትቀየሚኛለሽ፤
ውሃው ይንገራት ብዬ ነው።”

ከጓሮ አንዱን ጎትቶ አመጣ፤
መቶ ሠላሳ ሊትር፣ እንደ አሮጌ ጥርስ የገረጣ፣
ጎኑ ሁለት ቦታ የተለጠፈ። “መልኩን አትዪ፤
ርዝመቱ በትንሽ ነፋስ ቶሎ ይንሸራተታል፣
ስፋቱ ስትንገዳገጂ ይታገሥሻል።
ከሥሩም ትልቁን ክንፍ አስርልሻለሁ፤
ሰነፍ ነፋስ ሰፊ ክንፍ ይፈልጋል።”

በብስክሌት ጋሪ ጭኜ በዚያው በድልድዬ ስሻገር
ካሜራው አየኝ፤ እጄን አነሳሁለት።
ጎረቤቴ ፉክዬ ከአጥሯ ብቅ ብላ
“በር ገዛሽ እንዴ?” አለች።

ነሐሴ ማለቂያ፣ አንድ ምሽት፣
አይሰልሜር በስሱ ተሸበሸበ፤
ሁለቴ ሦስቴ ክንፉን ሳርገበግብ
ሳንቃው ከውሃው ተላቀቀ፤
ከሥሬ ያ ሁሉ ጥፊ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ ደረቀ።
ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ፦ ድልድዩ ተሰቅሎ፣
ሾፌሮች ሞተር አጥፍተው፣ መንገዱ ዝም ብሎ፣
ጀልባው እስኪያልፍ ድረስ።
ያኔ ግን የማሳልፈው ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ውሃ በአፍንጫዬ ገባ።
ሲፕኬ ከዳር ጮኸ፦ “ስንት ሰከንድ ቆየሽ በአየር?”
“አሥራ አምስት!” አልኩት።
ሰባት ነበር።