በሥራ ወይስ በቤት

ከላይ የመጣው መዝገብ ዓምዱ ብዙ ነበር፤
ለስብራት፣ ለቃጠሎ፣ የውሻ ንክሻ ሳይቀር።
ለሃጩ እየተዝረከረከ፣ ብሌኑ ጠቦ እንደ መርፌ ጫፍ፣
ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ ለሚገባ ግን
«ሌላ» የሚል አለ፤ እዚያ ላይ ጻፍ።

እኔም የማታ ተረኛ፣ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዤ፣
«ሌላ»ን ለሁለት ከፈልኩት፣ አንድ ሌሊት ተክዤ።
ግራውን፦ በሥራ።
ቀኙን፦ በቤት።
ቀላል መስሎኝ ነበር።

ኩራባቸው ቀድሞ ገባ፣ የጎማ ተራ ወዛደር፣
የሚያፈስ በርሜል በማጅራቱ ተሸክሞ ሲያድር።
«ላብ መስሎኝ» አለ። «የሚያቃጥል ላብ።»
ግራ ጻፍኩት።
በማግስቱ አልጋው ባዶ፤ የቀኑ ሒሳብ እንዳይቀርበት ኮበለለ፤
ለታመመበት የሚከፈል ቀን አሠሪው ዘንድ የሌለ።

ከዚያ አልጋነሽ። ከእሪ በከንቱ፣ እሪ ሳትል።
ባሏ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ፍሊት ይነፋል፤
እሱ ጤነኛ ነው፤ ቱታው ግን በሷ ሳፋ ያልፋል።
እጇ እስከ ክርኗ ተልጧል፣
ጡንቻዋ ከቆዳዋ ሥር፣
ጆንያ ውስጥ እንደገባ አይጥ ይላወሳል።
«በሥራ ነው በቤት?» አልኳት።
«እኔ ምን ሥራ አለኝ ጌታው? ቁጭ ብዬ ነው የምውል» አለች።
ማስመሪያዬ እጄ ላይ ቀለለች።

ከዚያ ምህረተአብ። አራት ዓመቱ።
በራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ፣ በዝናቡ መሐል፣
አንድ እግር ጫማውን ጥሎ፣
አባቱ አቅፎት ደረሰ፣ «መድኃኒት ጠጣብኝ!» ብሎ።
«የምን መድኃኒት?»
«የትኋን።»

ወይ ቋንቋችን!
የሚያድነውንም መድኃኒት፣ የሚገድለውንም መድኃኒት፣
ባንድ ስም ጠርተን ባንድ መደርደሪያ ያስቀመጥን ለት
ማን ነበር መዝጋቢው?

ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ፤ የብርቱካን ለስላሳ፣
ልጣፉ እንኳ ያልተነሳ፣
ከታች አንድ ጉንጭ የቀረው፣ ወተት መሳይ።
ሲስተሯ አትሮፒን ስትወጋው፣ እኔ ብሌኑን ሳይ፣
ሌሊቱን ሙሉ ሳይ፤ ሰፋ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣
ሊነጋጋ ሲል «ውሃ» አለ። ያኔ አለቀሰ አባቱ።

ቀኝ ጻፍኩ፦ በቤት።
ደግሞ ቆም አልኩ። አባትየው ልብስ ሰፊ ነው፤
መኝታው መስፊያው፣ መስፊያው ጓዳው፤
ትኋኗም የገባችው በደንበኛ ኮት ነው።

ሐኪሙ «ያንተ ሥራ መጻፍ ነው» ብሎኛል።
ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ጊዮርጊስ ወጣሁ።

የፈረሰ ሰፈር በታጠረበት ቆርቆሮ ጥግ፣
ጃንጥላ ተክላ አገኘኋት። እማማ ዘነቡ።
ለትኋን፣ ለቁንጫ፣ ለበረሮ፣ ለነቀዝ፣
በጠርሙስ ክዳን እየሰፈረች ትሸጣለች።
የያንዳንዱን ልክ በቃሏ ታውቃለች፤
ፊደል አልቆጠረችም፣ ጓንት የላትም፣
የፈሰሰውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች።

ልቆጣ ነበር የመጣሁት፤
ስድቤን መንገድ ሙሉ ስስለው ነበር።
ዓይኗን አየሁ።
ብሌኗ እንደ መርፌ ጫፍ።
የከንፈሯ ዳር እርጥብ። ጣቶቿ ክዳኑን ይስታሉ።
«ሃያ ሁለት ዓመቴ» አለች፤ ራስ ምታቷና ንግዷ እኩያ ናቸው።
«ማታስ የት ያሳድሩታል?»
«አልጋዬ ሥር። ሌባው መች ያስተኛል።»

መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፤
እስክሪብቶዬ ከሁለቱ ዓምዶች መሐል፣ መስመሩ ላይ ቆመ።
«ልታስይዘኝ ነው?»
«ልጽፍዎት ነው።»
«ስሜን?»
ዝም አለች። ከቀበሌ መታወቂያ ወዲህ
ስሟን ጠይቆ የጻፈ አልነበረም።

ጃንጥላዋን ወደኔ አዘነበለችው፤ ፀሐዩ በርትቶ ነበር።
ከዚያ ጎረቤቷ እንዳይሰማት ዝቅ ብላ፦
«ከሐኪም ቤት ከሆንክማ፣ ልጄ፣
ለራስ ምታት መድኃኒት ይዘሃል?»